መርሳት ሲጀምር፦ የአንጎል አሚሎይድን አስቀድሞ መገመት

ጤና ይስጥልኝ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። አንድ ሰው መርሳት ጀምሯል እንበል። ትናንት የነገሩትን ዛሬ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ቀጠሮ ያልፈዋል። ራሱም አውቆታል፣ ቤተሰቡም አስተውሏል። ግን ገንዘቡን ራሱ ያስተዳድራል። ብቻውን ወጥቶ ይገባል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ የማስታወስ ፈተና ሲወስድ ውጤቱ ከእኩዮቹ ዝቅ ይላል። የመርሳት በሽታ ይዞታል እንዳይባል ኑሮው አልተናጋም። ደህና ነው እንዳይባል ፈተናው ሌላ ይናገራል። ይህ መሃል ላይ ያለ ሁኔታ መለስተኛ የማስታወስ ችግር ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። የዚህ ሰው አንጎል ውስጥ የአልዛይመር የመርሳት በሽታ መለያ የሆነው አሚሎይድ የሚባለው ፕሮቲን ተከማችቷል ወይስ አልተከማቸም? ወደ ከባዱና ውዱ ምርመራ ሳንገባ ይህን አስቀድሞ መገመት ይቻላል? የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው ለምን ያስጨንቀናል? ምክንያቱም መለስተኛ የማስታወስ ችግር የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ብዙ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ድብርት እዚያ ያደርሳል። በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥ ያደርሳል። የእንቅርት ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች፣ አልኮል፣ ትንንሽ የአንጎል ደም ሥሮች መደፈን ሁሉ ያደርሳሉ። አልዛይመርም ያደርሳል። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዱ ምክንያቱ ሲታከም ወደ ጤናው ይመለሳል። አንዳንዱ ለዓመታት ባለበት ይቆያል። አንዳንዱ ደግሞ እየባሰበት ይሄዳል። ፈተናው ላይ እኩል ውጤት ያመጡ ሁለት ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ ፍጹም የተለያየ ቦታ ሊገኙ ይችላሉ።

ምን ያህሉ አሚሎይድ አለበት? በአሜሪካ አይዲያስ የተባለ ትልቅ ጥናት ተካሂዶ በ2019 ውጤቱ ወጣ። ከ11,000 በላይ ሰዎች አሚሎይድን በምስል የሚያሳይ ፔት ስካን የተባለ ምርመራ ተነስተዋል። መለስተኛ ችግር ካለባቸው መካከል አሚሎይድ የታየባቸው 55 በመቶ ገደማ ነበሩ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። እነዚህ ሰዎች በባለሙያ ሐኪም ተመርምረው፣ ምክንያታቸው ግን አልለይ ብሎ የመጡ ናቸው። እንደዚያም ሆኖ ነገሩ ግማሽ በግማሽ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ልምድ ያለው ሐኪም በዓይኑና በጆሮው ብቻ ይህን ጥያቄ መመለስ ይከብደዋል ማለት ነው። ከስካኑ በኋላ መለስተኛ ችግር ካለባቸው ሰዎች ውስጥ በ60 በመቶው ላይ የሕክምና ዕቅዱ ተቀይሯል።

አሁን አሚሎይድ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። በ1906 ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ቱቢንገን ከተማ ላይ በተደረገ ስብሰባ የአንዲት ታካሚውን ታሪክ አቀረበ። ሴትየዋ ገና በ50ዎቹ ዕድሜ ውስጥ እያለች የማስታወስ ችሎታዋን ያጣች ነበረች። ከሞተች በኋላ አንጎሏን በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ሁለት ነገሮችን አየ። ከነርቭ ሴሎች ውጭ የተቀመጡ ጥርቅሞች፣ እና በሴሎቹ ውስጥ የተጠላለፉ ክሮች። ጥርቅሞቹ ከምን እንደተሠሩ የታወቀው ብዙ ቆይቶ ነው። በ1984 ግሌነርና ዎንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ፕሮቲኑን ለይተው አወጡት፤ ዛሬ ቤታ አሚሎይድ የምንለው ነው። ክሮቹ ደግሞ ታው የሚባል ሌላ ፕሮቲን ሆነው ተገኙ።

ቤታ አሚሎይድ ከውጭ የሚገባ ባዕድ ነገር አይደለም። የሁላችንም አንጎል በየቀኑ ይሠራዋል። የሴል ሽፋን ላይ የተተከለ አንድ ትልቅ ፕሮቲን አለ። ኢንዛይሞች ይህን ፕሮቲን ሁለት ቦታ ላይ ሲቆርጡት ትንንሽ ቁራጭ ይወጣል። አብዛኛው ቁራጭ ባለ 40 አሚኖ አሲድ ነው። ጥቂቱ ግን ባለ 42 ነው። ሁለት አሚኖ አሲድ ብትጨምር ምን ለውጥ ታመጣለች ትሉ ይሆናል። ብዙ ታመጣለች። ባለ 42ቱ ተጣባቂ ነው። እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ይጋገራል፣ በመጨረሻም ጥርቅም ይሆናል። ጤነኛ አንጎል የሠራውን ያህል እያጸዳ ያስወግዳል። ሚዛኑ ሲዛባ ክምችቱ ይጀምራል።

ለረጅም ዘመን ይህን ክምችት ማየት የሚቻለው ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ ነበር። እስቲ አስቡት። አንድ ሐኪም አልዛይመር ነው ብሎ ለዓመታት ያከመው ሰው በእርግጥ አልዛይመር እንደነበረበት የሚያረጋግጠው አንጎሉ ተከፍቶ ሲታይ ነው። ይህን የለወጡት በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ዊልያም ክለንክና ቼስተር ማቲስ ናቸው። አሚሎይድ ላይ ሄዶ የሚጣበቅ አንድ ውህድ ሠሩ፤ በደካማ ጨረር ምልክት አደረጉበት። በደም ሥር ሲገባ ወደ አንጎል ይሄዳል፣ አሚሎይድ ያለበት ቦታ ይቀመጣል፣ ፔት ስካኑ ያየዋል። በሰው ላይ መጀመሪያ የተሞከረው በ2002 በስዊድኗ ኡፕሳላ ነው፤ ውጤቱ የታተመው በ2004። በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ውስጥ አሚሎይድን በምስል ማየት ተቻለ። እኔ ይህን በዚህ መስክ ከታዩት ትልልቅ እርምጃዎች አንዱ አድርጌ ነው የማየው።

ችግሩ፣ የመጀመሪያው ውህድ የተሠራበት ካርቦን 11 በ20 ደቂቃ ውስጥ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ስካኑ ያለበት ሕንፃ አጠገብ የሚያመርተው ማሽን መኖር ነበረበት። ከ2012 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀዱት አዳዲሶቹ በፍሎሪን 18 የተሠሩ ናቸው። የእነሱ ኃይል በግማሽ ለመቀነስ ወደ 110 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስለዚህ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሊጓጓዙ ይችላሉ። እንደዚያም ሆኖ ፔት ስካን ውድ ነው፣ ማሽኑ በየቦታው የለም፣ ሰውየውም ጨረር ይወስዳል። ለረሳ ሰው ሁሉ ፔት ስካን ማዘዝ በሀብታም አገር እንኳ አያዋጣም። አስቀድሞ የመገመት ሥራ የተጀመረው ከዚህ ችግር ነው። በቀላል መረጃ ማን አሚሎይድ ሊኖርበት እንደሚችል ብንገምት፣ ከባዱን ምርመራ ለሚያስፈልገው ሰው እናቆየዋለን፤ የማያስፈልገውን ደግሞ እንተወዋለን።

ስለ ግምቱ ከማውራቴ በፊት ስለ ጊዜ አንድ ነገር ልበል። አሚሎይድ በድንገት አይመጣም። በአውስትራሊያ በተደረገ የረጅም ጊዜ ክትትል ላይ ተመሥርቶ በ2013 በታተመ ጥናት፣ ክምችቱ አለ ከሚባልበት ደረጃ ተነስቶ በአልዛይመር ሕመምተኞች ላይ የሚታየው ደረጃ ለመድረስ ወደ 19 ዓመት ይፈጃል። መርሳቱ ሲታይ ክምችቱ ብዙ ተጉዟል ማለት ነው። መጠኑን ለመለካት ሴንቲሎይድ የተባለ መለኪያ አለ። ዜሮው ከወጣት ጤነኞች የተወሰደ ነው፤ 100ው በአልዛይመር የመርሳት በሽታ ከተያዙ ሰዎች አማካይ የተወሰደ። ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ባለው ውስጥ አንድ መስመር ይሰመርና ከዚያ በላይ የሆነው ፖዘቲቭ፣ በታች የሆነው ኔጋቲቭ ይባላል። መስመሩን ያሰመርነው እኛ ነን። ተፈጥሮ ዘንድ ያለው ቀስ እያለ የሚወጣ ዳገት ነው። 19 ያመጣና 31 ያመጣ ሁለት ሰዎች በመጠን ብዙም አይራራቁም፤ ወረቀቱ ላይ ግን አንዱ ኔጋቲቭ፣ አንዱ ፖዘቲቭ ተብሎ ይጻፋል።

ደስ የሚል ነገርም አለ። ክምችቱ አንዴ መስመሩን ካለፈ በኋላ የሚሄድበት መንገድ ከሰው ሰው ብዙም አይለያይም። አንዱ በ55 ዓመቱ ይጀምራል፣ ሌላው በ75፤ ከጀመረ በኋላ ግን ጉዞው ይመሳሰላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከአንድ ስካን ብቻ ወደ ኋላ ቆጥረው ክምችቱ መቼ አካባቢ እንደጀመረ መገመት ይችላሉ። ወደ ፊትም እንደዚያው። ከፍተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ጭማሪው ይዝላል።

እሺ፣ ስካን ሳይኖር ምን ፍንጭ አለን?

የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። ሁላችንም በነጻ የያዝነው መረጃ ነው፤ ግን ኃይለኛ ነው። በ2015 ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች አንድ ላይ ሲተነተኑ፣ መለስተኛ የማስታወስ ችግር ካለባቸው ሰዎች መካከል አሚሎይድ የሚገኝባቸው በ50 ዓመት ዕድሜ 27 በመቶ፣ በ90 ዓመት ደግሞ 71 በመቶ ሆኑ። ምንም ችግር በሌለባቸው ሰዎችስ? ከ10 በመቶ ተነስቶ 44 በመቶ። ይህ ሁለተኛው ቁጥር በጣም አስፈላጊ ነው። በ90 ዓመታቸው ማስታወሳቸው ደህና ከሆነ ሰዎች ግማሽ ለሚጠጉት አንጎላቸው ውስጥ አሚሎይድ አለ። አሚሎይድ መኖሩና መታመም አንድ ነገር አይደሉም።

ሁለተኛው ፍንጭ ጂን ነው። አፖኢ የሚባል ጂን አለ፤ ሦስት ዓይነት ነው፤ 2፣ 3 እና 4። ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ እንወርሳለን። አፖኢ 4 ከአልዛይመር ጋር መያያዙ የታወቀው በ1993 ነው። አንድ ቅጂ ያለው ሰው የመታመም ዕድሉ ሦስት እጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ሁለት ቅጂ ያለው ከዚያም በብዙ ይበልጣል። የአፖኢ 4 ትልቁ ሥራ አሚሎይድ ቶሎ እንዲከማች ማድረግ ስለሆነ፣ ለግምታችን በጣም ይጠቅማል። ሆኖም እነዚህ ቁጥሮች በብዛት የተገኙት ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ነው። የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ የአፖኢ 4 ተጽዕኖ ቀለል ብሎ ታይቷል፤ በምሥራቅ እስያውያን ላይ ደግሞ ከበድ ብሎ። በአንድ ሕዝብ ላይ የተሠራን የግምት ቀመር እንዳለ ወስዶ ሌላ ሕዝብ ላይ መጫን ስህተት ነው። ይህን የምለው ለጨዋነት ብዬ አይደለም። የተሳሳተ ግምት አንዱን ሰው ላልሆነ ሕክምና ይዳርገዋል፤ ሌላውን ሊያገኘው ከሚገባ ሕክምና ያስቀረዋል።

ሦስተኛው የማስታወስ ፈተናው ራሱ ነው። ዋናው ነገር የተገኘው ነጥብ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው የተሳሳተበት መንገድም ይናገራል። የቃላት ዝርዝር ይነገረዋል። ከ20 ወይም 30 ደቂቃ በኋላ ድገም ይባላል። ካልመጣለት ፍንጭ ይሰጠዋል። በፍንጭ ትዝ የሚለው ሰው ቃሉን አስቀምጦታል፤ ማውጣት ነው ያቃተው። እንዲህ ያለው በድብርት፣ በድካም ወይም በደም ሥር ችግር ብዙ ይታያል። ፍንጭም ተሰጥቶት የማይመጣለት ሰው ግን መጀመሪያውኑ አላስቀመጠውም። ይህኛው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ የሚታይ ነው፤ ወደ አልዛይመር ያጋድላል። ማጋደል ብቻ ነው፣ ማረጋገጫ አይደለም።

የአንጎል ኤምአርአይ በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ አይረዳም። ሂፖካምፐስ መኮማተሩን ያሳያል፤ ግን መኮማተር ዘግይቶ የሚመጣ ጉዳት ነው፣ ሌላም ምክንያት ሊያመጣው ይችላል። ኤምአርአይ አሁንም ያስፈልጋል፤ ዕጢ፣ ደም መፍሰስ ወይም የደም ሥር ችግር እንዳለ ለማየት። አሚሎይድን ለመገመት ግን ብቻውን ደካማ ነው። ዕድሜን፣ አፖኢን እና የማስታወስ ፈተናን አንድ ላይ የሚያሰላ ቀመር ከእያንዳንዱ ለየብቻው ይሻላል። የተሻለውን ሥራ የሚሠራው ግን ሌላ ነው።

ወደ ፈሳሾቹ ልምጣ። አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የሚከብ ፈሳሽ አለ፤ ከወገብ ላይ በመርፌ ይቀዳል። የሚገርመው፣ አንጎሉ ውስጥ አሚሎይድ በበዛ ቁጥር እዚህ ፈሳሽ ውስጥ ባለ 42ቱ ይቀንሳል። ደለል ግድብ ውስጥ ሲቀር ወደ ታች የሚወርደው ውሃ እንደሚጠራው ነው። ተጣባቂው ፕሮቲን አንጎል ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፤ ወደ ፈሳሹ የሚወጣው ያንሳል። ባለ 40ው ግን ብዙም ስለማይጣበቅ ባለበት ይቆያል። ሁለቱን ስናካፍላቸው ጥሩ መለኪያ እናገኛለን። ይህ ምርመራ ከፔት ስካን ጋር በደንብ ይስማማል። ግን ከወገብ ፈሳሽ መቅዳት ብዙ ሰው ይፈራል፤ ሁሉም ቦታ የሚሠራ ባለሙያም የለም።

ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚመኘው ደሙ ውስጥ እንዲገኝ ነበር። መጀመሪያ የተሞከረው ያው የ42 እና የ40 ጥምርታ ነው። በደም ውስጥም ይቀንሳል። ግን አሚሎይድ ባለበትና በሌለበት ሰው መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ላቦራቶሪው ትንሽ ከተዛባ፣ ደሙ ሳይቀዘቅዝ ትንሽ ከቆየ፣ ልዩነቱ ይጠፋል። ነገሩን የቀየረው ታው ነው። በአንጎል ውስጥ አሚሎይድ ሲከማች የነርቭ ሴሎች ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካል የተለጠፈበት ታው (ፒ-ታው) ይለቃሉ፤ የተወሰነው ወደ ደም ይገባል። ፎስፌቱ የሚለጠፍበት ቦታ በቁጥር ይጠራል። 181 ላይ የተለጠፈው ጥሩ ነበር። 217 ላይ የተለጠፈው ግን ከእሱ በለጠ። ፒ-ታው 217 አሚሎይድ ባለበት ሰው ደም ውስጥ በእጥፍና ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። ትልቅ ልዩነትን መለካት ደግሞ ቀላል ነው።

በ2024 የስዊድን ተመራማሪዎች ይህን ምርመራ ከላቦራቶሪ አውጥተው እውነተኛ ክሊኒክ ውስጥ አስገቡት። የማስታወስ ችግር ይዘው የመጡ 1,213 ሰዎች ተሳተፉ። የጤና ጣቢያ ሐኪሞች በተለመደው ምርመራ አልዛይመርን በትክክል የለዩት 61 በመቶ ጊዜ ነው። የመርሳት በሽታ ስፔሻሊስቶች 73 በመቶ። የደም ምርመራው 91 በመቶ። ሐኪሞቹን ለመውቀስ አይደለም የማነሳው። ቅድም እንዳልኩት ጥያቄው በዓይን የሚመለስ አይደለም። በግንቦት 2025 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፒ-ታው 217ን ከአሚሎይድ 42 ጋር የሚያካፍል የደም ምርመራ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቀደ። ለፈቃዱ በቀረበው ጥናት በምርመራው ፖዘቲቭ ከተባሉት 91.7 በመቶው በፔት ወይም በወገብ ፈሳሽም አሚሎይድ ተገኝቶባቸዋል። ኔጋቲቭ ከተባሉት 97.3 በመቶው ነጻ ሆነው ተገኝተዋል።

ቆንጆ ቁጥሮች ናቸው። ግን እዚህ ላይ እንድታቆሙኝ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የመጣሁት ይሄ ነው። የአንድ ምርመራ ውጤት ምን ያህል እንደሚታመን የሚወስነው ምርመራው ብቻ አይደለም። የተመረመረው ሰው ማን እንደሆነም ይወስናል።

አብረን እናስላ። ምርመራችን አሚሎይድ ካለባቸው 100 ሰዎች 90ውን ይይዛል፤ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 90ውን በትክክል ነጻ ይላል እንበል። አሁን መለስተኛ ችግር ያለባቸው 100 ሰዎች መጡ፤ ቅድም ያዙልኝ ካልኳችሁ ቁጥር ጋር ተቀራራቢ እንዲሆን፣ ግማሾቹ አሚሎይድ አለባቸው እንበል። ከ50ዎቹ 45ቱን ይይዛል። ከሌሎቹ 50ዎች አምስቱን በስህተት ፖዘቲቭ ይላል። በጠቅላላ 50 ፖዘቲቭ፤ 45ቱ እውነት። ደህና ነው። አሁን ያንኑ ምርመራ በ50 ዓመት አካባቢ ላሉና ምንም ችግር ለሌለባቸው 100 ሰዎች እንስጥ። አሚሎይድ ያለባቸው 10 ብቻ ናቸው። ዘጠኙን ይይዛል። ከ90ዎቹ ደግሞ ዘጠኙን በስህተት ፖዘቲቭ ይላል። 18 ፖዘቲቭ፤ እውነቱ ግማሹ ብቻ። ምርመራው አልተለወጠም፣ ማሽኑም አልተበላሸም፤ የተለወጠው ሰዎቹ ናቸው።

በተቃራኒውም ይሠራል። ከ100 ሰዎች 70ው አሚሎይድ የሚኖርባቸው አዛውንቶች ቢሆኑ፣ ሰባቱን ይስታቸዋል። 27 ሰዎችን በትክክል ነጻ ይላል። ስለዚህ ኔጋቲቭ ከተባሉት 34 ሰዎች ሰባቱ፣ ማለትም ከአምስት አንድ፣ በእርግጥ አሚሎይድ አለባቸው። ዕድሜው የገፋ፣ አፖኢ 4 ያለው፣ ፍንጭ ተሰጥቶት እንኳ የማያስታውስ ሰው የደም ምርመራው ኔጋቲቭ ቢሆን ሐኪሙ በዚያ ብቻ ፋይሉን መዝጋት የለበትም። ዕድሜና ጂን ድሮ የቀሩ ፍንጮች የማይመስሉኝ ለዚህ ነው። የደም ውጤቱን የምናነበው በእነሱ ላይ ቆመን ነው።

ሌላም ነገር ውጤቱን ያንሻፍፋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙ ውስጥ ፒ-ታው ከፍ ሊል ይችላል፣ አሚሎይድ ባይኖርበትም። ተደራራቢ ሕመም ያለበት ሰው ውጤት በጥንቃቄ መታየት አለበት። እነዚህ ሰዎች ደግሞ በምርምር ጥናቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ አይካተቱም። ክሊኒክ በር ላይ ግን በብዛት የሚመጡት እነሱ ናቸው።

ከዚያ መሃለኛው ክልል አለ። አሁን የሚመከረው በአንድ መስመር ሳይሆን በሁለት መስመር መሥራት ነው። ከላይኛው በላይ ከሆነ አሚሎይድ አለ ማለት ይቻላል። ከታችኛው በታች ከሆነ የለም ማለት ይቻላል። መሃል ላይ የወደቀ ሰው አልታወቀም ይባላል፤ ወደ ፔት ወይም ወደ ወገብ ፈሳሽ ይላካል። በ2025 በተፈቀደው ምርመራ መሃል ላይ የወደቁት ከ20 በመቶ በታች ነበሩ። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ድክመት ያየዋል። እኔ እንደ ታማኝነት ነው የማየው። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ምርመራ፣ ለሁሉም ሰው አዎ ወይም አይ ብሎ ከሚመልሰው የበለጠ ይታመናል። ከአምስት ሰው አራቱ በደም ብቻ መልስ ካገኙ ደግሞ የስካኑ ወረፋ ምን ያህል እንደሚቀል አስቡት።

መልሱ ከታወቀ በኋላስ? ድሮ ብዙ ሰው አሚሎይድ አለብህ ተብሎ ምን ሊደረግለት ይል ነበር። እውነት ነበር። አሁን ግን አሚሎይድን ከአንጎል የሚያጸዱ መድኃኒቶች አሉ። ሌካኔማብ በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አገኘ፤ ዶናኔማብ በ2024። የሌካኔማብ ጥናት 1,795 ሰዎችን በ18 ወር ውስጥ ተከታትሎ የመባባሱ ፍጥነት በ27 በመቶ ቀንሶ አገኘው። አዳነ አላልኩም፣ አቆመ አላልኩም። ቀነሰ ነው ያልኩት። ጎኑም አለው። መድኃኒቱን ከወሰዱት 12.6 በመቶው የአንጎል እብጠት በስካን ታይቶባቸዋል፤ ሁለት የአፖኢ 4 ቅጂ ባላቸው ላይ ወደ 33 በመቶ ይደርሳል። አንጎሉ ውስጥ አሚሎይድ ለሌለበት ሰው ይህን መድኃኒት መስጠት ጥቅም የሌለው አደጋ ነው። ከዚህ በፊት በተደረጉ የመድኃኒት ሙከራዎች ግን ይህ ሆኗል። አሚሎይድ ላይ ያነጣጠረው ሶላኔዙማብ የተባለ መድኃኒት ሲሞከር ስካን ከተነሱት መካከል ሩብ ያህሉ አሚሎይድ አልነበረባቸውም። በሌለ ነገር ላይ መድኃኒት ተሞከረ ማለት ነው።

ለእኔ ከመድኃኒቱ እኩል የሚያሳስበኝ ግን ኔጋቲቭ የሚሆነው ሰው ነው። ስለ እሱ ብዙ አይወራም። አሚሎይድ የለብዎትም ሲባል ቤተሰቡ እፎይ ይልና ጉዳዩ እዚያው ይቀራል። ሰውየው ግን አሁንም ይረሳል። ለዚህ ሰው ኔጋቲቭ ውጤት የፍለጋው መጀመሪያ መሆን አለበት። እንቅልፉ ይታይ፤ መድኃኒቶቹ አንድ በአንድ ይከለሱ፤ ስሜቱ ይጠየቅ፤ ጆሮው ይመርመር፤ የእንቅርት ሆርሞኑና ቢ12ቱ ይለካ፤ ግፊቱና ስኳሩ ይስተካከል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው።

ፖዘቲቭ የሆነውም ሰው ቢሆን ምክንያቱ አለቀ ማለት አይደለም። የ90 ዓመት ጤነኞችን ቁጥር አስታውሱ። አሚሎይድ ያለበት ሰው ድብርትም ሊኖርበት ይችላል፤ አሁን የሚያስረሳውም ድብርቱ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ይታከማሉ።

ወደ ጥያቄዎች ከመሄዳችን በፊት አስቀድሞ በጽሑፍ የደረሰኝን አንዱን ልመልስ። እንዲህ ይላል፦ «እናቴ ተመርምራ ፖዘቲቭ ሆናለች። እኔ ምንም ምልክት የለኝም። እኔም የደም ምርመራውን ላድርግ?»

ጥያቄው የሚገባኝ ጥያቄ ነው። አጭር መልሴ፣ ከጥናት ውጭ አሁን አይመከርም የሚል ነው። የደም ምርመራው የተፈቀደው የመርሳት ምልክት ላለባቸው ሰዎች ነው። ምልክት ለሌለው ሰው ስንሰጠው ቅድም ያሰላነው ስሌት ይመጣል፤ ፖዘቲቩ ግማሽ በግማሽ ሊሆን ይችላል። ፖዘቲቩ እውነት ቢሆን እንኳ በሽታው ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ላይመጣም ይችላል። ምልክት ለሌለው ሰው የተፈቀደ መድኃኒትም የለም። ኤፎር የተባለው ጥናት ምልክት የሌላቸው 4,486 ሰዎችን በፔት አይቶ ፖዘቲቭ የሆኑ 1,323 ሰዎች አገኘ፤ ከመካከላቸው ለሙከራው የተመረጡት ላይ ሶላኔዙማብ ከዓመታት ክትትል በኋላም መዳከሙን አላዘገየም። ይህ በ2023 ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ሌካኔማብና ዶናኔማብ ምልክት በሌላቸው ሰዎች ላይ ወደ ሙከራ ገብተዋል፤ ተሳታፊዎችን ለመምረጥም የደም ምርመራ እንደ መጀመሪያ ማጣሪያ አገልግሏል። ፍላጎት ካለዎት ተሳታፊ የሚቀበል እንዲህ ያለ ጥናት መኖሩን መጠየቅ ይችላሉ። እዚያ ውጤቱ የሚነገረው በምክር ታግዞ ነው፤ ከዚያ በኋላም ክትትል አለ። የእናትዎን ውጤት በተመለከተ ግን ሐኪማቸውን ሦስት ነገር ይጠይቁልኝ፦ ውጤቱ በላይኛው መስመር በስንት ያህል በለጠ፣ ኩላሊታቸው ታይቷል ወይ፣ ከአሚሎይዱ ሌላ የሚያስረሳቸው ነገር ተፈልጓል ወይ።

አሁን እጅ ያወጣችሁትን ልስማ።